ያልተሸጠው ሸክላ የማን ነው?

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሙዚቃቸውን በራሳቸው ለሚያሳትሙ ወጣቶች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

ይህን ደብተር ከኋላ የተቀመጣችሁም ታዩት ይሆናል። ጠርዙ ተበልቷል፤ ሁለት ገጹ ላይ ቡና ፈስሶበታል። ባንዳችን የመጀመሪያውን ሲዲ ካወጣበት ከ2006 ጀምሮ ለየትኛው ሱቅ ስንት ቅጂ እንደሰጠን፣ መቼ ተመልሼ እንዳየሁ፣ ስንት እንደተሸጠና ስንት ዶላር እንደተቀበልኩ የተጻፈው እዚህ ላይ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እዚህ የምንኖረው በዚያው ስለሆነ።

የጠራችሁኝ ኪቦርድ ስለምጫወት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቀርጻችሁ ጨርሳችኋል። አንዳንዶቻችሁ የሙዚቃ ሸክላችሁ ታትሞ መጥቶ ካርቶኑ ከአልጋችሁ ሥር ተቀምጧል። "ሱቅ እንዴት ነው የሚገባው?" ብላችሁ ነው የላካችሁልኝ። እመልሳለሁ። ግን ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ ላስቀድም፦ ያልተሸጠው ሸክላ የማን ነው?

መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ እያንዳንዱ ቅጂ የአንድ ሰው ገንዘብ ነው። እስኪሸጥ ድረስ ገንዘቡ እዚያው ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። ባለሱቁ ሙዚቃችሁን ሰምቶ "አይሆንም" ሲላችሁ ብዙ ጊዜ ዜማውን መጥላቱ አይደለም። ያንን ገንዘብ ማን ይሸከማል የሚለው ስላልተመለሰለት ነው። እኔ ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ዛሬ ይዛችሁት ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ነው። ሙዚቃ ቤቶቹ ድምጽ ማጉያቸውን በር ላይ ሰቅለው ከጠዋት እስከ ማታ ያዘፍኑ ነበር። አዲስ ካሴት የሚወጣው ለበዓል ነው፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ። ሰው በግና ቅቤ ሊገዛ ሲወጣ ካሴትም ይዞ ይገባል። አጎቴ ካሴት የሚባዛበት ቤት ይሠራ ነበርና ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱ ጋ ቁጭ ብዬ የካሴቶቹን ልባስ አጥፌ ሳጥናቸው ውስጥ እከት ነበር። በበዓል ዋዜማ ማዳበሪያ ከረጢት የያዙ ሰዎች በሩ ላይ ይሰለፋሉ። ከደሴ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ካሴቱ በማግሥቱ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይጫናል።

ያኔ ዘፋኙ ምን ያገኝ ነበር? ብዙዎቹ ሥራቸውን ለሙዚቃ ቤቱ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጡ ነበር። ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን ቅጂ፣ አስረክቦ ገንዘቡን ተቀብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያልተሸጠው ካሴት የሙዚቃ ቤቱ ዕዳ ነው። የተሸጠውም የሙዚቃ ቤቱ ነው፤ አሥር ሺህ ቢሸጥ ዘፋኙ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። አጎቴ ይህን ሲያስረዳኝ "ኪሳራውን የተሸከመ ትርፉንም ይወስዳል" ይል ነበር። ልጅ ሆኜ ፍትሐዊ መስሎኝ ነበር። ዛሬ በግማሹ ብቻ እስማማለሁ፤ ዜማውን የወለደው ሰው ከሁለቱም ውጭ መሆን አልነበረበትም። በላዩ ላይ ደግሞ ካሴት በቀላሉ ይገለበጣል። አንድ ሰው ይገዛል፣ ሃያ ሰው ይቀዳል፤ ሱቁም ዘፋኙም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው በፈረንጅ 2004 ነው። ካሴቱ ዕድሜውን ጨርሶ ሲዲ በተተካበት ጊዜ ማለት ነው።

ከካሴቱ በፊት ሸክላው ነበር። እዚህ ላይ አንድ ሰው ሳላነሳ አላልፍም። አምሃ እሸቴ።

በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በሕግ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ ወጣት ነው፤ ሸክላ የሚሸጥበት ሙዚቃ ቤት አለው። በዚያ ሱቅ የሚሸጠው የውጭ አገር ዘፈን ነው። በከተማው የምሽት ክበቦች ግን የአገር ልጆች በየሌሊቱ አዲስ ሙዚቃ ይጫወታሉ፤ ያንን የሚያሳትም የለም። አምሃ ክልከላውን ሳይፈራ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ድምጽ ቀርጾ ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። በኋላ ሊባኖስም ያሳትም ነበር። እስከ 1975 ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ወደ 12 የሚጠጉ አልበሞች በአምሃ ሪከርድስ ስም ወጡ።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ስለ ድፍረቱ ነው የሚያወራው። ድፍረቱ እውነት ነው። እኔን ግን የሚደንቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ አሳታሚውና ባለሱቁ አንድ ሰው ነበሩ። ማን ምን ብሎ እንደጠየቀ፣ የትኛው ዘፈን ሲዘፈን መንገደኛ እንደሚቆም ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሞ ያያል። ያየውን ያሳትማል። ሸክላው ባይሸጥ የእሱ ነው፤ ለዚህም ነው ጆሮው የተሳለው። በሺህ የሚቆጠር ሸክላ ባሕር ማዶ ለማሳተም ገንዘቡን አስቀድሞ የሚከፍል ሰው በሱቁ በር የሚያልፈውን ሰው ፊት ማንበብ ይኖርበታል።

ደርግ መጣ፣ የሰዓት እላፊ መጣ፣ ክበቦቹ ተዘጉ፤ አምሃም በ1975 አገሩን ለቆ እዚህ እኛ ወደምንኖርበት ከተማ፣ ወደ ዋሽንግተን መጣ። እዚህም ምግብ ቤትና የምሽት ክበብ ከፍቶ ሙዚቀኛውን ሰበሰበ። በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በ2021 አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ስለዚህ "እኛ ከሸክላ ሱቅ ጋር ምን አገናኘን?" የሚል ካለ፣ ከዚህ አዳራሽ ጥቂት ማይል ርቀት ላይ የኖረ ሰው ነው የአገራችንን ዘመናዊ ሙዚቃ በሸክላ ያቆየልን።

የዚህች ከተማ ልጆችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1980 ቲን አይድልስ የሚባል የፓንክ፣ ማለትም የፈጣንና ጩኸታም ሮክ፣ ባንድ ነበር፤ ልጆቹ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ዝግጅት አቅርበው ያገኟትን ገንዘብ ሳይካፈሉ በአንድ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ባንዱ ሲፈርስ ያጠራቀሙት ጥቂት መቶ ዶላር ነው። እንካፈለው ወይስ ሸክላ እናሳትምበት ተባባሉና ሸክላው አሸነፈ። 1,000 ቅጂ አሳተሙ። ልባሱን ራሳቸው በመቀስ ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በሙጫ አጣበቁት። ዲስኮርድ የሚባለው አሳታሚ የተወለደው እንዲህ ነው፤ ኢያን መኬይና ጄፍ ኔልሰን ያቆሙት ድርጅት እስከ ዛሬ አለ።

እነዚህ ልጆች ሱቅ ያገኙት ግን ሸክላው ከታተመ በኋላ አይደለም። ሮክቪል ውስጥ፣ ከዚህ በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ የስተርዴይ ኤንድ ቱዴይ የሚባል የሸክላ ሱቅ ነበር። ስኪፕ ግሮፍ በ1977 የከፈተው ነው፤ በ2002 ተዘጋ። ልጆቹ ለዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ሄደው ሸክላ ሲያገላብጡ የኖሩ ናቸው፤ ከዚያ ሰፈር ሙዚቀኞች ውስጥ እዚያው ተቀጥረው የሠሩም አሉ። ግሮፍ ራሱ ትንሽ አሳታሚ ስለነበረው ሸክላ እንዴት እንደሚታተም ያውቅ ነበር፤ የት እንደሚቀርጹም መራቸው። ሸክላቸው ሲወጣ ሱቁ እንግዳ አልሆነባቸውም። የሚያውቃቸው ሰው መደርደሪያ ላይ ነው ያስቀመጡት።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁት መካከል ባለፉት ሦስት ወራት ሸክላ ሱቅ ገብቶ የሌላ ሰው ሙዚቃ የገዛ እጁን ያውጣ።

አመሰግናለሁ። እጃችሁን ላላወጣችሁት የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሸክላችሁን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ቅዳሜ ባዶ እጃችሁን ሂዱ። ምን እንደሚሸጡ እዩ፣ የአፍሪካ ሙዚቃ የት እንደሚቀመጥ እዩ፣ አንድ ነገር ግዙ፣ ከሻጩ ጋር አውሩ።

አሁን ወደ ሥራው።

አንድ ባንድ አሳታሚም አከፋፋይም ሳይኖረው ሱቅ የሚገባበት ዋናው መንገድ አሜሪካኖቹ ኮንሳይመንት የሚሉት ነው። እኛ በአደራ ማስቀመጥ እንበለው። "ሲሸጥልህ ትከፍለኛለህ፣ ካልተሸጠ መልሼ እወስዳለሁ" ማለት ነው። ባለሱቁ አንድ ሳንቲም አያወጣም፤ የሚሰጣችሁ ቦታ ብቻ ነው። ያልተሸጠው የእናንተ ነው። የተለመደው አከፋፈል 60 ለባንዱ፣ 40 ለሱቁ ነው፤ ሱቅ ከሱቅ ይለያያል፣ ጠይቁ።

በ2017 ያሳተምነውን ሸክላ ሒሳብ ላንብብላችሁ። 300 ቅጂ አሳተምን፤ ልባሱና ማጓጓዣው ተደምሮ አንዱ 10 ዶላር ወጣበት። የሱቅ ዋጋው 25 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ 40 በመቶው፣ 10 ዶላር፣ የሱቁ። 15 ለእኛ። የማሳተሚያው ሲነሳ 5 ዶላር ይቀራል። ለአምስት ሰው አንድ አንድ ዶላር። ስቱዲዮው፣ ልምምዱ፣ ቤንዚኑ አልታሰበም። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ የሚቀመጠው ሸክላ ኑሮን የሚሸፍን ገቢ እንደማይሆን አውቃችሁ እንድትገቡ ነው። ታዲያ ለምን? ሱቅ ውስጥ የሚያገኛችሁ ሰው እናንተን የማያውቅ ሰው ስለሆነ ነው። ዝግጅታችን ላይ የሚገዛው የአክስቴ ልጅ ነው፣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚገዛው ስማችንን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው። ለእኔ ያ አንድ ገዢ ከሃያ ዘመድ ይበልጥብኛል፤ ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ ቅር እንደማይላቸው ተስፋ አለኝ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ብዛት ነበር። በ2006 አንድ ሱቅ ሄጄ 30 ሲዲ አስረክቤ ወጣሁ። ሻጩ እንኳ ግራ ገብቶት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ስመለስ 5 ተሸጧል፣ 25ቱ ተደርድሯል። ለባለሱቁ ያ የማይሄድ ዕቃ ነው፤ ቦታ የያዘበት ነው። ሌላ ሱቅ ደግሞ 5 ብቻ አስቀመጥኩ፤ አምስቱም ተሸጠና ራሱ ደውሎ ጨምሪልኝ አለኝ። አስተውሉ፤ በሁለቱም ሱቅ የተሸጠው ያው አምስት ነው። በአንዱ ዕቃችን አልሄድ ያለ፣ በሌላው ተሸጦ ያለቀ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከአምስት በላይ ሰጥቼ አላውቅም፤ አምስቱን ጨርሶ የደወለ ባለሱቅ ከእኔ ጋር ሌላ ዓይነት ወዳጅ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ልባሱ ነበር። የመጀመሪያው ሲዲያችን ስስ ካርቶን ውስጥ የሚገባ ነበር፤ ረከሰልን ብለን ነው። ጀርባ የለውም፣ ማለትም መደርደሪያ ላይ ሲቆም ስም የሚነበብበት ጎን የለውም። ከሌሎቹ መሃል ሲገባ ጠፋ። ሽፋኑ ላይ ደግሞ የተጻፈው በአማርኛ ብቻ ነበር፤ ፊደላችን ያምራል፣ ባንዳችንም ኮርቶበታል። ሻጩ አገላብጦ አየውና "ቆንጆ ነው፤ ግን በየትኛው ፊደል ሥር ላስቀምጠው?" አለኝ። ያን ቀን ተከፍቼ ነው የወጣሁት። ሰውየው ግን ልክ ነበር። ሱቁ የሚደረደረው በስም ተራ ነው፤ ስሙን ማንበብ ካልቻለ ተራ ልታገኙ አትችሉም። ዝም ብሎ "ልዩ ልዩ" ከሚል ካርድ ጀርባ አስቀመጠው፤ እዚያ ማን ይፈልገዋል?

በሁለተኛው ሥራችን የግዕዙን ፊደል ከበፊቱ አስበልጠን መሃል ላይ አደረግነው፤ ላዩ ላይ፣ ሸክላ ስታገላብጡ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ፣ የባንዱን ስም በላቲን ጻፍን። ፊደሌን አልደበቅሁም፤ ለሻጩም መንገድ ሰጠሁት። በፕላስቲኩ ላይ ደግሞ ትንሽ ተለጣፊ፦ ከየት እንደሆንን፣ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሆነ በሁለት መስመር። ሰው ሸክላ ሲያገላብጥ ለአንዱ የሚሰጠው ጊዜ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም።

ሦስተኛው በጣም ያመመኝ ነው፤ ገና በብዛት በምሰጥበት ጊዜ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ፣ ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፣ ሃያ ሲዲ ሰጥቼው ተጨባብጠን ተለያየን። ወረቀት የለም። ከስድስት ወር በኋላ ስሄድ ሱቁ ተሸጧል፤ አዲሱ ባለቤት እኔንም ሲዲዬንም አያውቅም። መደርደሪያው ላይ ሁለት ቀርተው አየሁ፤ የእኔ መሆናቸውን ማስረዳት አልቻልኩም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን፤ እናንተ ለአባቶች ታዘዙ። ሱቁ የራሱ ቅጽ ካለው ሙሉት። ከሌለው ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የባንዱ ስም፣ የሥራው ርዕስ፣ ስንት ቅጂ፣ የመሸጫው ዋጋ፣ የእናንተ ድርሻ፣ ቀኑ፣ ስልካችሁ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ። ብዙ ሱቅ ከ30 እስከ 90 ቀን ይሰጣል። ሁለት ቅጂ፣ ሁለት ፊርማ። ቀኑ ሲደርስ ካልሄዳችሁ ሸክላችሁ ለሱቁ እንደሚቀር የሚገልጽ ቅጽ አለ፤ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ደግሞም ባለሱቁ አይደውልላችሁም። ያ አንድ ደዋይ ለየት ያለ ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ እንደ እናንተ ያለ መቶ ባንድ አለ፤ የማን አምስት እንዳለቀ ቆጥሮ የሚነግራችሁ ሰው አትጠብቁ። እናንተ ናችሁ የምትሄዱት። በደብተሬ ላይ ከየሱቁ ስም ፊት ያለችው ትንሽ ሣጥን የመመለሻው ቀን ናት። ቅዳሜ ከሰዓት አትሂዱ፤ ሱቁ በገዢ ይሞላል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሂዱ፤ አስቀድማችሁም ደውላችሁ ከአካባቢ ባንዶች ዕቃ የሚቀበለው ማን እንደሆነና መቼ እንደሚገኝ ጠይቁ። ያልተሸጠውን ውሰዱ ሲሏችሁ ፊታችሁን ሳታጠቁሩ ውሰዱ። በሚቀጥለው ሥራችሁ ተመልሳችሁ የምትገቡት በዚያው በር ነው።

አንድ ቅጂ ለሱቁ ሠራተኞች ስጡ፤ የሚሸጥ ሳይሆን የሚያዘፍኑት። በዚህ ላይ አትሰስቱ። ፒያሳ የተሰቀለውን ድምጽ ማጉያ አስታውሱ፤ ሰው የሚገዛው ሲሰማ ነው። በ2017 ነው፣ ዕቃ ሳልይዝ ዝም ብዬ ገብቼ ቆሜ ነበር። ሠራተኛዋ፣ ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ የእኛን ሸክላ አውጥታ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠችው። በትዝታ ቅኝት የሠራነው ረጅሙ ዜማ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሰው ከጃዝ መደርደሪያው ቀና ብለው "ምንድን ነው ይህ?" አሏት። ልባሱን አሳየቻቸው። ገዙት። ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። እኔ ያንን ዜማ የሠራሁት አባቴ በሞቱ ዓመት ነበር፤ ማንነቴን የማያውቅ ሰው በወረቀት ከረጢት ይዞት ወጣ።

ዋጋ ላይም ታማኝ ሁኑ። ሱቁ በ25 ዶላር የሚሸጠውን እናንተ ዝግጅታችሁ ላይ በ15 ብትሸጡ፣ ባለሱቁ ይሰማል። በእሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ሁለት ሦስት ዶላር ቢለያይ ማንም አይከፋም።

ስለ አከፋፋይ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። በአጭሩ እመልሳለሁ፤ ለመጀመሪያ ሸክላችሁ አያስፈልጋችሁም፣ እነሱም አይቀበሏችሁም። አከፋፋይ የሚፈልገው በየጊዜው ሥራ የሚያወጣ አሳታሚ ነው። ሱቁ ያልተሸጠውን ለአከፋፋዩ ይመልሳል፣ አከፋፋዩ ለእናንተ ይመልሳል፤ ለተመላሽ ብሎም ከክፍያችሁ ላይ ይይዛል፣ ገንዘቡም ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው። አያችሁ? እዚያም ቢሆን ያልተሸጠው ሸክላ ዞሮ ዞሮ የባንዱ ነው። ባርኮድ ግን ከመጀመሪያው አድርጉ። አሥራ ሁለት አኃዝ ናት፤ ብዙ አሳታሚ ፋብሪካ ሲያትምላችሁ ይጨምርላችኋል። ከ1991 ጀምሮ በአሜሪካ የሸክላ ሽያጭ የሚቆጠረው ካሽ መመዝገቢያው ባርኮዱን ሲያነብ ነው፤ ባርኮድ የሌለው ሸክላ ቢሸጥም በቁጥሩ ውስጥ አይገባም።

ይልቅስ የራሳችን ሰዎች ሱቅ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ሰው ሲሳሳት አያለሁ። በዋሽንግተኑ ዩ ስትሪት፣ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ መደብሮች አሉ። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፤ በገንዘብ መክፈያው አጠገብ ደግሞ ሲዲ ይደረደር ነበር። ወጣት ሙዚቀኞች "እዚያ ማስቀመጥ ክብራችንን ይቀንሳል፣ እኛ ሸክላ ሱቅ ነው የምንፈልገው" ሲሉ ሰምቻለሁ። በደብተሬ ላይ ከ2006 እስከ 2010 ከተሸጠው ሲዲያችን ከግማሽ በላይ የሄደው ከእንጀራ ጋር ነው። አንዲት ባለመደብር እናት፣ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው፣ ከደንበኛ ጋር ሲጨዋወቱ "ይቺ ልጅ እኮ የእኛው ሰፈር ናት፣ ስሚላት" እያሉ ይሸጡልኝ ነበር። ከትርፉም አልወስድም ብለው ስንት ጊዜ ተከራክረናል። "እትዬ፣ ካልወሰዱ ነገ ሌላ ልጅ ሲመጣ ይቸግርዎታል፤ ቦታው የእርስዎ ነው" ብዬ ነው በግድ ያስያዝኳቸው። እዚያም ቢሆን ወረቀት ጽፈናል። በዘመድ ቤት ወረቀት መጻፍ የሚያሳፍር ይመስላል፤ እኔ ግን ወዳጅነታችን እስከ ዛሬ የቆየው በዚያ ወረቀት ይመስለኛል።

ዛሬ ሲዲው ከመደብሮቹ እየጠፋ ነው፤ ሰው በስልኩ ይሰማል። ሸክላ ደግሞ እየተመለሰ ነው። በ2008 የተጀመረው የሸክላ ሱቆች ቀን፣ በሚያዝያ ወር በአንድ ቅዳሜ የሚከበረው፣ ያልተዘጉ ሱቆችን ብዙ ረድቷል። ግን በዚያ ሳምንት አዲስ ዕቃ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ለትልልቆቹ አሳታሚዎች የሚሆን ቦታ እንኳ አይበቃም። ከእሱ በኋላ ባሉት ፀጥ ያሉ ሳምንታት ሂዱ።

ሸክላችሁ የት እንደሚደርስ አታውቁም። የዋልያስ ባንዱን ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያን ታውቃላችሁ። ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ መጣ፣ ግማሹ ቀረ፤ ኃይሉም እዚሁ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ያንን ካሴት አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር አገኘው። በ2013 በሸክላና በሲዲ እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ሃያ ስምንት ዓመት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያ ካሴት የሆነ ቦታ ተቀምጦ ነበር፤ ያስቀመጠው ሰው አልጣለውም።

ስለዚህ ካሴቱም ሆነ ሸክላው ላይ ራሱ፣ ልባሱ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ስማችሁንና የሠራችሁበትን ዓመት ጻፉ። ልባስ ይጠፋል። የተጫዋቾቹን ስም ሙሉ በሙሉ ጻፉ፤ ከበሮ የመታው ማን እንደሆነ፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው። በድሮ ሸክላዎቻችን ላይ ዘፋኙ ብቻ ተጽፎ የቀሩት ሙዚቀኞች ስም የሌለባቸው ብዙ ናቸው፤ እነዚያ ሰዎች እነማን እንደነበሩ ዛሬ ሽማግሌ እያፈላለግን ነው የምንጠይቀው።

አሁን ይህን ደብተር በወንበሮቹ መካከል አሳልፈዋለሁ። የሱቆቹ ስም፣ ማን መቼ እንደሚገኝ፣ የትኛው ሱቅ ስንት በመቶ እንደሚወስድ አለበት፤ ፎቶ ማንሳት ትችላላችሁ። የተዘጉትን ሱቆች በቀይ ሰርዣቸዋለሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የእኔ ቅጽ አለ፣ ቀድታችሁ ተጠቀሙበት። እስኪዞር ድረስ ከፊት ወንበር ጀምሮ አንድ በአንድ ንገሩኝ፤ ስንት ቅጂ አሳትማችኋል፣ ከአልጋችሁ ሥር የቀረውስ ስንት ነው?